ሳተላይቱ ሀይደርን አያይም

ባቲ፣ ግንቦት 28 ቀን 1991 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ ለሱዓድ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ሰላምታዬ ከባቲ ገበያ ተነስቶ፣ በረሃውን አቋርጦ፣ ጂጂጋን አልፎ ሐርጌሳ ደጅሽ ድረስ ይምጣ፤ በጤና ያግኝሽ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። የጨው ንግዱም ደህና ነው፤ ዘንድሮ ግመሎቹ ዘግይተው ገቡ እንጂ። ባለቤቴ ፈትሂያም ደህና ናት፤ ሰላም ብላሻለች።

ነገሬ ስለ ልጄ ስለ ሀይደር ነው። በግንቦት መጀመሪያ በግ በጫነች ጀልባ ላይ ተቀጥሮ ከበርበራ ወደ የመን፣ ወደ ሙከላ ተነሳ ብለሽ ደብዳቤ በሚያደርስልን ሾፌር አፍ ልከሽልን ነበር። እንደገባ ድምፁን ያሰማል ብለን ጠበቅን። ትናንት ከድንበሩ፣ ከወጃሌ የመጣ አንድ ነጋዴ ግን ያቺ ጀልባ ሙከላ አልገባችም ሲል ሰማሁት። ለኔ አይደለም የነገረኝ፤ ከጓደኛው ጋር ሲያወራ ነው የሰማሁት። የሀይደር አባት መሆኔን አያውቅም።

አንቺ የምትሠሪው ሳተላይት ቤት ነው። እዚህ ያለው የሳይንስ አስተማሪ ሳተላይት ከሰማይ ሆኖ የመኪና ታርጋ ያነባል ብሎኛል። ታርጋ የሚያነብ ጀልባ አይስትም። ባሕሩን አንድ ጊዜ እንዲያይልኝ አለቃሽን ለምኚልኝ። ሌላ የምልሽ የለኝም።

በስልክ ግን እንዳትደውዪ። የባቲን ቴሌ ታውቂዋለሽ፤ አንድ ሰው እዚያ ውስጥ ሲያወራ ገበያው ሁሉ ይሰማል። በደብዳቤ ይሁን፤ ሾፌሩም በእጄ ይስጠኝ።

አላህ ከክፉ ይጋርድሽ።
አጎትሽ ኸሊፋ


ሐርጌሳ፣ ሰኔ 13 ቀን 1991 ዓ.ም.

ለውድ አጎቴ፣

ወዐለይኩሙ ሰላም ወራህመቱላህ። ደብዳቤዎ ዛሬ ደረሰኝ። እርስዎንም እትዬ ፈትሂያንም አላህ ያጽናችሁ። እኔ ደህና ነኝ። ኮድቡር ሰፈር ያለው የተከራየሁት ቤት በመጨረሻ ጣራ ወጥቶለታል፤ የጎረቤቴ ግን እስካሁን ግድግዳ ብቻ ነው፤ ውስጡ ፍየል ታድርበታለች።

የሰሙት እውነት ነው። ልነግርዎ እየፈለግሁ ቃል አጥቼ ቆየሁ። የጀልባዋ አለቃ ዲሪር ይባላል። በተነሱ በሦስተኛው ቀን ሞተሩ እንደቆመ በሬዲዮ ለባለቤቱ ተናግሯል፤ ያሉበትንም ቦታ ተናግሯል። ከዚያ ወዲህ ድምፅ የለም። ባለቤቱን በየቀኑ በርበራ እየደወልኩ እጠይቀዋለሁ፤ አሁንስ ድምፄን ሲሰማ ያቃስታል።

ስለ ሳተላይቱ ግን አጎቴ፣ እባክዎ ይስሙኝ። አለቃዬ ዋይስ የስልክ ሱቃችን ጣራ ላይ ትልቅ ዲሽ ተክሏል። የሰው ድምፅ ከዲሹ ይወጣና ከምድር ወገብ በላይ ሠላሳ ስድስት ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ወዳለ ሳተላይት ይሄዳል። ሳተላይቱ ድምፁን ተቀብሎ፣ አጠንክሮ፣ ለንደን ወይም ጅዳ ወዳለ ሌላ ዲሽ ይመልሰዋል። በቃ፤ ሥራው ይኸው ነው። ጆሮና አፍ አለው፤ ዓይን የለውም። ሀይደርን ፈልግ ብለው ቢለምኑት፣ ልመናዎን ለንደን ያደርሰዋል እንጂ አንገቱን አዙሮ ባሕር አያይም። ዋይስን ብለምነው ደግሞ ይስቅብኛል።

ዱዓ ያድርጉ። እኔም ስልኩን አልለቅም።

ሱዓድ


ባቲ፣ ሰኔ 30 ቀን 1991 ዓ.ም.

ለልጄ ለሱዓድ፣

አላህ በሄድሽበት ሁሉ ደግ ሰው ያጋጥምሽ። ደብዳቤሽ ደርሶኛል፤ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ጆሮና አፍ አለው ዓይን የለውም ያልሽው ገብቶኛል። እንግዲያው ዓይን ያለውን ጠይቂልኝ። አስተማሪው ብዙ ዓይነት አለ ይላል። አንቺ ለምን አንዱን ብቻ ጻፍሽልኝ?

ደግሞ እንዴት ሳይወድቅ እንደሚቆም አልነገርሽኝም። ዘንግ የለው፣ ክንፍ የለው። እንዴት እንደሚያይ፣ ሲመሽስ ያይ እንደሆነ፣ ከባሕር ላይ ሰውን ለይቶ ያውቅ እንደሆነ ጻፊልኝ። ረዘም አድርጊው። ጽሑፍሽም ጎላ ይበል፤ ባለፈው ፊደልሽ እንደ ጉንዳን ነበር።

አንድ ነገር ልለምንሽ፤ ስለ ሳተላይት የምትጽፊውን ለብቻው በአንድ ወረቀት አድርጊው። ስለ ሀይደር የምትጽፊውን በሌላ። ሁለቱን አታቀላቅዪብኝ።

ፈትሂያ ደህና ናት።

አጎትሽ ኸሊፋ


ሐርጌሳ፣ ሐምሌ 15 ቀን 1991 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለኸሊፋ፣

ሰላምና ጤና ከአላህ ዘንድ ይሁንልዎ።

አጎቴ፣ አሁን ልጅዎ ባሕር ላይ ጠፍቶ እኔ ጽሑፌን ላጉላ? ወረቀት ልለያይ? ወላሂ ደብዳቤዎን ሳነብ ጠረጴዛውን በቡጢ መታሁት፤ ጅዳ ያለ ወንድሙን የሚያናግር ደንበኛ ደንግጦ ስልኩን ዘጋ። ዋይስ ተቆጥቶኛል። ቢሆንም ይኸው ልጻፍልዎ፤ ሁሉንም በአንድ ወረቀት።

ለምን አይወድቅም ላሉት፦ ይወድቃል። ድንጋይ በወንጭፍ ሲወረውሩ ኃይል በጨመሩ ቁጥር ርቆ አይደል የሚወድቀው? ያ ድንጋይ ከአየሩ በላይ ወጥቶ፣ ከጥይት ብዙ እጥፍ ፈጥኖ ቢወረወር፣ እሱ ወደ ታች ሲወድቅ ክቧ ምድርም ከሥሩ እየጎበጠች ትሸሸዋለች። ስለዚህ እየወደቀ ይዞራል እንጂ መሬት አይነካም። ጨረቃም የምትዞረው እንደዚሁ ነው። የኛው የስልክ ሳተላይት በጣም ሩቅ ስለሆነ አንድ ዙር የሚጨርሰው ምድር ራሷን በምትዞርበት ጊዜ ልክ ነው። ለዚህ ነው ከጣራችን ሲታይ ባለበት የቆመ የሚመስለው።

ፎቶ የሚያነሱት ዝቅ ብለው ነው የሚበሩት፤ ስለዚህ ይሮጣሉ። በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ምድርን ዞረው ይጨርሳሉ። ባሕር ላይ ቆሞ የሚጠብቅ የለም። ያለፉበትን ሁሉም አያነሱም፤ ባለቤቶቻቸው ያዘዟቸውን ነው። ደመና ካለ የሚነሳው ደመናው ነው። ታርጋ ያነባል የሚለውን አስተማሪ ስለኔ ብለው ዝም ያሰኙልኝ።

ቦታ የሚናገሩም አሉ፤ ጂፒኤስ ይሏቸዋል። እነሱ ሰዓት ብቻ ነው የሚያውጁት። በእጅ የምትያዝ መሣሪያ ከበርካታዎቹ ሰዓቱን ሰምታ፣ የትኛው ምን ያህል ዘግይቶ እንደደረሰ አስልታ፣ የቆሙበትን ቦታ ትነግርዎታለች። ሳተላይቱ ግን ማን እንደሚሰማው አያውቅም። ሙአዚን አዛን ሲል በየቤቱ ማን እንደነቃ ያውቃል? ዲሪር ያለበትን ቦታ ለባለቤቱ የተናገረው በዚች መሣሪያ ነው።

አሁን ወደ ሀይደር። ናጂብ የሚባል ጓደኛ አለኝ፤ የዚህ አገር ሰው ነው፣ ግን በጦርነቱ ጊዜ አዲስ አበባ ስላደገ አማርኛው ከኔ ይሻላል። አንድ የእርዳታ ቢሮ ውስጥ ይሠራል። ቢሮው ደመናን በየግማሽ ሰዓቱ ከሚያነሳ ሳተላይት ሥዕል ይደርሰዋል፤ ዝናብ የት እንደጣለ ለማወቅ ነው። የእነዚያን ቀናት ሥዕል አውጥቶ ካርታ ላይ አስተያየን። ጀልባ አይታይም፤ ነጥብ እንኳ አይሆንም። የሚታየው ደመና ነው። በዚያ ሰሞን የተነሳው ትልቅ አውሎ ነፋስ ዲሪር የተናገረው ቦታ ሳይደርስ ወደ ሰሜን ታጥፏል። በዚህ ወቅት ነፋሱም የባሕሩም ውኃ ሞተር የሌለውን ነገር ወደ ምሥራቅ ነው የሚገፋው፣ ማለት ወደ ሶቆጥራና በአቅራቢያዋ ወዳሉት ትንንሽ ደሴቶች። ስለዚህ በሥራ ሰዓቴም ከሥራ ሰዓቴም ውጭ በዚያ ወገን ስልክ ያለበት ወደብ ሁሉ እየደወልኩ ነው። ቦሳሶ አላየንም ይላል። ሙከላ አላየንም ይላል። ደሴቶቹ ዘንድ ስልክ የለም፤ ነፋሱ እስኪበርድ ጀልባም አይሄድም።

ተስፋ አለ ማለቴ አይደለም። የለም ማለቴም አይደለም።

ሁለት ወረቀት ለምን እንዳስፈለገዎት ይንገሩኝ።

ሱዓድ


ባቲ፣ ነሐሴ 6 ቀን 1991 ዓ.ም.

ለሱዓድ፣

አላህ ዕድሜሽን ያርዝመው፤ ቁጣሽንም ያሳጥረው።

ሁሉንም በአንድ ወረቀት ጽፈሽ አስቸገርሽኝ። ጮክ ብዬ ላነበው የማልችለውን አብረሽ ጻፍሽው። መቀስ ወስጄ ልቆርጠው ብል ጀርባው ላይም ጽፈሻል።

እንግዲህ ልንገርሽ። ፈትሂያ ምንም አታውቅም። ሀይደር ሙከላ ገብቶ መርከብ ላይ ሥራ አግኝቶ ሄዷል ብያታለሁ። ለምን አይደውልም አለች፤ መርከብ ላይ ስልክ የለም አልኳት። ደህና መሆኑን በምን አወቅህ አለች። ሌላ ምን ልበላት? ሱዓድ በሳተላይት ታየዋለች አልኳት። እንግዲህ ማታ ማታ እራት ላይ ትጠይቀኛለች፤ ዛሬስ አየችው ወይ፣ ከሳ ወይ፣ ፀሐይ ያቃጥለዋል ወይ። ከአንቺ ደብዳቤ የሳተላይቱን ነገር ብቻ አነብላታለሁ። የወንጭፉን ነገር ወደደችው። የአዛኑንም ወደደችው።

አላዋቂ አድርገሽ አትቁጠሪኝ። ሳተላይቱ ልጄን እንደማያይ ከመጀመሪያው ደብዳቤሽ ገብቶኛል። ጨው ሻጭ ብሆንም ጆሮና ዓይንን እለያለሁ።

አሁን የምለምንሽ አንድ መስመር ነው። ለብቻው ወረቀት ላይ፣ ጎላ አድርገሽ፣ «ሀይደርን አይተነዋል፣ ደህና ነው» ብለሽ ጻፊልኝ። የአንቺን እጅ ጽሑፍ ታውቀዋለች፤ ፊደል ባትቆጥርም መልኩን ትለያለች። የኔን ቃል አለማመን ጀምራለች።

አጎትሽ ኸሊፋ


ሐርጌሳ፣ ነሐሴ 21 ቀን 1991 ዓ.ም.

ለአጎቴ፣

ሰላም ለእርስዎ ይሁን።

አልጽፍም።

ያንን መስመር አልጽፍም አጎቴ። ሁለት ወር ሙሉ ፋብሪካ ሊያቋቁም እንደተነሳ ሰው ስለ ሳተላይት ሲጠይቁኝ፣ እኔም ከደንበኛ ሰዓት እየሰረቅሁ፣ ናጂብን እየለመንኩ፣ እንዲገባዎ ብዬ ስጨነቅ፣ እርስዎ እትዬ ፈትሂያን ለማታለል ነው የፈለጉት! እኔ ደግሞ ሞኝ፣ አጎቴ ነገሩ አልገባው ብሎት ነው እያልኩ ምሳሌ እመርጣለሁ።

ናጂብ ያነሳው ነገር ይኼ ነው፤ ልጁ ሞቶ ቢሆን፣ አላህ ያርቀው፣ እናቱ ከስንት ወር በኋላ ሊሰሙ ነው? ያኔስ እኔ በእጄ የጻፍኩትን ወረቀት ይዘው ምን ይሉኛል? በሕይወት ካለስ የእናቱን ዱዓ ለምን ይከለክሉታል? ደህና ነው ለተባለ ልጅ እናት እንዴት ብላ ታለቅሳለች?

ዛሬ ይንገሯቸው። ነገ አይበሉ። ካልነገሩ እኔ ቴሌ ደውዬ ገበያው እየሰማ እነግራቸዋለሁ፤ ወላሂ አደርገዋለሁ።

ስለ ሀይደር አዲስ ነገር የለም። ሙከላ ያለ አንድ ዓሣ ነጋዴ የደሴቶቹ መንገድ ሲከፈት የመጀመሪያው ጀልባ የሱ እንደሆነ ነግሮኛል። የሀይደርንና የጀልባዋን ሰዎች ስም ሰጥቼዋለሁ።

ሱዓድ


ሐርጌሳ፣ መስከረም 14 ቀን 1992 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለኸሊፋ፣

አልሐምዱሊላህ። አልሐምዱሊላህ። መልስ ባይልኩልኝም እጽፋለሁ።

ከትናንት በስቲያ ጧት ሱቁን ከፍቼ ጀነሬተሩን ሳስነሳ ስልኩ ጮኸ። የሙከላ ቁጥር ነው። አነሳሁት።

«ሱዓድ?» ይላል።

«ማን ልበል?»

በሳተላይት ድምፅ ወጥቶ እስኪወርድ ትንሽ ይዘገያል። አንዱ ዝም ያለ ሲመስለው ሌላው ይናገራል፤ ቃሉ መሐል ላይ ይጋጫል። ደንበኞቼን በየቀኑ ጠብቁ፣ አትደራረቡ እያልኩ የምገስጽ እኔ፣ «ሀይደር ነኝ» የሚለው ሲደርሰኝ ያንን ሁሉ ረሳሁት። እኔ «የት ነበርክ?» እያልኩ እጮሃለሁ፣ እሱ «ትሰሚኛለሽ?» እያለ ይጮሃል፣ ሁለታችንም አንሰማም። ዋይስ መጥቶ አፌን በእጁ ያዘው። «እሱ ይጨርስ» አለኝ።

ሞተሩ ቆሞ፣ ሬዲዮው ውኃ ገብቶበት፣ ብዙ ቀን ከተንሳፈፉ በኋላ ከሶቆጥራ ወዲህ ያለች አንዲት ትንሽ ደሴት ድንጋይ ላይ ወጡ። ከበጎቹ ግማሹ አልቋል። ሰዎቹ ሁሉም ተርፈዋል። ዓሣ አጥማጆቹ ካላቸው ላይ አካፍለው አኖሯቸው። ነፋሱ እስኪበርድ ማንም አልወጣም፤ ያወጣቸው የዚያ የዓሣ ነጋዴ ጀልባ ነው።

«ጂፒኤሱ ግን ሠርቷል» አለኝ። «ባትሪው እስኪያልቅ ድረስ የት እንዳለን በደንብ እናውቅ ነበር። የምንነግረው ሰው ነው ያጣነው።» ከዚያ ሳቀ። ሰደብኩት። ስድቤ ዘግይቶ ስለደረሰው ሳቁን ከጨረሰ በኋላ ነው የሰማው።

ወዲያው ባቲ ደወልኩ። የቴሌው ጸሐፊ ሰው ወደ ቤትዎ ልኮ እርስዎን እንዲያስጠራ ነገርኩት። ጥቂት ቆይቼ መልሼ ስደውል ግን ያነሱት እትዬ ፈትሂያ ናቸው። እርስዎ ገበያ ነበሩ።

«ስለ ልጄ ነው?» አሉኝ።

«አዎ እትዬ።»

«አውቃለሁ። አጎትሽ ነግሮኛል። ንገሪኝ፤ ቆሜያለሁ።»

«በሕይወት አለ። ሙከላ ነው። ደህና ነው።»

 

«ሳተላይት ነው ያለሽ፣ ወይስ ከአፉ ሰማሽው?»

«ከአፉ፣ እትዬ። ሲስቅም ሰማሁት።»

«እንግዲያው ይበቃኛል» አሉና ስልኩን አስቀመጡት።

ይህን ሁሉ ነግረውዎት ይሆናል። ቢሆንም በወግ ይድረስዎ ብዬ ጻፍኩት። ደግሞ እውነቱን ስለነገሯቸው አመሰግንዎታለሁ፤ ቀላል እንዳልነበር አውቃለሁ።

ሱዓድ


ባቲ፣ ጥቅምት 19 ቀን 1992 ዓ.ም.

ለልጄ ለሱዓድ፣

አላህ የደከምሽበትን በደስታ ይመልስልሽ። የናጂብንም፣ የዚያን የዓሣ ነጋዴም፣ ደሴት ላይ ልጄን ያበሉትንም ሰዎች ስም እያነሳሁ ዱዓ አድርጌያለሁ። ስማቸውን የማላውቀውን አላህ ያውቀዋል።

ሀይደር ባለፈው ሳምንት ገባ። ከስቷል፣ ጠቁሯል። እናቱ በር ላይ አንገቱን ይዛ ብዙ ቆየች፣ ከዚያ በጥፊ አለችው፣ ከዚያ አስቀምጣ አበላችው። ዓሣ አልበላም እንዳይላት ፈርታ ይሁን እንጃ፣ ሥጋ ነው የሠራችው። ጎረቤቱ ሁሉ መጣ።

ፈትሂያ ስልክ መደወልሽን አልነገረችኝም። ልጄ መትረፉን የሰማሁት ከቴሌው ጸሐፊ ነው፤ ገበያ መሐል ጨው ስመዝን መጥቶ እንኳን ደስ ያለዎት አለኝ። እሱ ሲነግረኝ ሚዛኑን ጥዬ ቤት ሮጥኩ። እሷ ቁጭ ብላ ምስር ትለቅማለች። ቀና ብላ አየችኝና ወደ ምስሩ ተመለሰች።

ያ አልጽፍም ያልሽበት ደብዳቤ በደረሰኝ ማግስት ነበር እውነቱን የነገርኳት። ተቀምጣ እስክጨርስ ሰማችኝ። አልጮኸችም። «ማታ ማታ የምጠይቅህን ሁሉ አጠገቤ ተቀምጠህ እየፈጠርክ ነበር?» አለችኝ። አዎ አልኳት። ከዚያ ወዲህ አላናገረችኝም። ምግቡን ታቀርባለች፤ ልብሴን ታጥባለች፤ ከሀይደር ጋር ታወራለች፣ ትስቃለች። እኔ ስገባ ዝም። ሀይደር ተመልሶ፣ ሁሉ አልፎ፣ አሁንም ዝም። ሽማግሌ ልላክ ብዬ ነበር፤ ግን ለሽማግሌው ምን ብዬ ነው የማስረዳው?

ስለዚህ አንድ ልመና አለኝ፤ የመጨረሻዬ ነው። አንቺ ነገር ማስረዳት ታውቂበታለሽ። ያንን ሁሉ የሰማይ ነገር ለኔ ለጨው ሻጭ አስረድተሻል። ለፈትሂያ ደብዳቤ ጻፊልኝ። ፈርቼ እንጂ ንቄያት እንዳልሆነ፣ እሷ እንዳትሰበር ብዬ እንደሆነ፣ ሌሊቱን እኔም እንዳልተኛሁ ጻፊላት። እንደኔ ሆነሽ ጻፊው። ሀይደር ያነብላታል።

አጎትሽ ኸሊፋ


ሐርጌሳ፣ ኅዳር 2 ቀን 1992 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለኸሊፋ፣

ሰላምና ጤና ይብዛልዎ። ለእትዬ ፈትሂያ ሰላምታዬ ይድረሳቸው። ሀይደርን ደግሞ ዳግመኛ ባሕር ብትል ራሴ እመጣልሃለሁ ይበሉልኝ።

ደብዳቤውን አልጽፍም። ተቆጥቼ አይደለም፤ ዛሬ እንኳ አልተቆጣሁም። እዚህ ቀኑን ሙሉ አገርና ባሕር የለያቸውን ሰዎች አገናኛለሁ። ባልና ሚስት፣ አንዱ ኮድቡር አንዱ ቶሮንቶ ሆነው፣ ቃላቸው እየተጋጨ፣ ጀነሬተሩ እየጠፋባቸው፣ እንደገና እየደወሉ ይነጋገራሉ። ብዙዎቹ መጀመሪያ ይሰዳደባሉ። እስኪበርድላቸው እጠብቃለሁ።

እትዬ ፈትሂያ ያሉት ከርስዎ ጋር በአንድ ቤት ነው። ለኔ የጻፉልኝን፣ ፈርቼ ነው ያሉትን፣ ሌሊቱን አልተኛሁም ያሉትን፣ አጠገባቸው ቁጭ ብለው በራስዎ አፍ ይንገሯቸው። ቢሰድቡዎት ጥሩ ነው፤ አይመልሱ፣ እስኪጨርሱ ይጠብቁ።

ይህን ወረቀት አያንብቡላቸው።

ሱዓድ